‘ፖሌ’ ያጨናነቀው ሰርቨር

በዚህ ዓመት ኬንያ፣ ማርሳቢት ከተማ ውስጥ ማስተማር ስጀምር ተማሪዎቼ በመጀመሪያው ሳምንት የጠየቁኝ ስለ ሒሳብም ስለ ኮምፒውተርም አልነበረም። ከዚህ በፊት ምን እሠራ እንደነበር ነው የጠየቁኝ። ሞያሌ ላይ የአንድ የኢሜይል ቡድን ሰርቨር ጠባቂ ነበርኩ አልኳቸው። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ወዲያው "አስካሪ ነበሩ ማለት ነው?" አለችኝ። አስካሪ በስዋሂሊ ዘበኛ ማለት ነው። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ወደ ቤቴ ስሄድ ግን ልጅቷ ያን ያህል እንዳልተሳሳተች ታየኝ።

የሥራ ትዝታ ለመጻፍ ገና ልጅ ነህ የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው። ጡረታ አልወጣሁም፤ ሥራ ነው የቀየርኩት። ይሁን እንጂ ማስተማርን የተማርኩት ኮሌጅ ገብቼ ሳይሆን እዚያ ሰርቨር አጠገብ ስለሆነ፣ ከየት እንደጀመርኩ ሳልረሳው ልጻፈው።

ከኢትዮጵያ የወጣሁት በልጅነቴ ከአባቴ ጋር ነው። መጀመሪያ የኖርነው ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ነበር። በኋላ አባቴ በኬንያው ሞያሌ ማንያታ ሰፈር የቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ የልብስ ስፌት መኪናውን በረንዳ ላይ ዘረጋ። አማርኛዬ የቤት፣ ቦረንኛዬ የሰፈር፣ ስዋሂሊዬና እንግሊዝኛዬ የትምህርት ቤት ነው። ድንበር ላይ ላደገ ሰው ይህ ብርቅ አይደለም፤ ወተት ሻጯም እንደዚሁ ታወራለች።

የመጀመሪያ ሥራዬ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር። አለቃዬ መብራት እንዳይባክን ብሎ ደንበኛ በወጣ ቁጥር ማሽኑን ያጠፋዋል፤ ሌላ ደንበኛ ሲመጣ ማሽኑ እስኪሞቅ ያጫውተዋል፣ ሻይ ይጋብዘዋል። ሻዩ ከመብራቱ ይበልጥ እንደሚያስወጣ ላስረዳው ሞክሬ ነበር። በቀጣዩ ወር ሌላ ሥራ ፈለግሁ።

ሁለተኛው ሥራዬ ድንበሩ አጠገብ የጭነት መኪኖችን ሰነድ የሚያስጨርስ ቢሮ ውስጥ መተየብ ነበር። ደመወዙ ዘግይቶ ይመጣል፤ ያም ሆኖ እዚያ አንድ ትልቅ ነገር ተምሬ ወጣሁ። እሱም ሰልፍ ነው። የመኪናው ሰልፍ ሲረዝም ሁሉም ሰው በሩ ጠበበ ይላል። ወርዶ ወደ ፊት የሚሄድ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ወረቀት ጎድሎት መሐል መንገድ ላይ የቆመ አንድ መኪና ነው። ይህን አስታውሱልኝ፤ በኋላ ይጠቅመናል።

ሦስተኛው ሥራዬ "ኦላ" ነው። ኦላ በቦረንኛ የአንድ መንደር ጎረቤቶች ማለት ሲሆን፣ የኢሜይል ቡድናችን ስም ነበር። ናይሮቢ የሚማሩ ጥቂት የሞያሌ ልጆች የጀመሩት ነው። አንድ ሰው ለኦላ አንድ መልእክት ሲጽፍ ሰርቨሩ አባዝቶ ለአባላቱ ሁሉ ያደርሳል። ልጆቹ ሲመረቁ፣ ሥራ ሲይዙ፣ ባሕር ሲሻገሩ ኦላም አብሯቸው ሄደ። ሰርቨሩ ግን ከሞያሌ አልወጣም። ማንያታ ውስጥ ባለች አንዲት የኢንተርኔት ማእከል የኋላ ክፍል ተቀምጦ ነበር። ፊት ለፊት ደንበኞች የሚጠቀሙባቸው ኮምፒውተሮች አሉ፤ ጣሪያው ላይ የሳተላይት ዲሽ፣ ከዲሹ ጥላ ሥር ደግሞ ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ፍየሎች።

ኢሜይል የሌለው የከተማው ሰው ከማእከሉ ውጪ ያለውን ሰሌዳ ያነባል። የመጣውን መልእክት አትመን እንለጥፋለን፤ ማንበብ ለማይችል እናነብለታለን፤ የሚልከውን ይነግረናል፣ እኛ እንተይባለን። ሠርግ፣ ልደት፣ ሞት፣ የከብት ገበያ፣ መንገዱ ላይ ጭቃው ምን ያህል እንደሆነ፣ ሁሉም ያልፍበታል። ከሰሌዳው ሥር አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ሰነዳቸው እስኪያልቅ የሚጠብቁ የኢትዮጵያ ሾፌሮች የሚቀመጡት እዚያ ነው።

የማእከሉ ኃላፊ ማማ ታላሶ ይባላሉ። ወጣትነታቸውን ያሳለፉት በስልክ ቤት ማዞሪያ ላይ ነው። የከተማውን ሰው ሁሉ በድምፁ ያውቁታል፤ ፊቱን የማያውቁትን እንኳ። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ በመሐሉ ስዋሂሊ ይገባበታል፣ ሲናደዱ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ወደ ቦረንኛ ይሻገራሉ።

ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት መዳፋቸውን ሰርቨሩ ላይ ማሳረፍ ነው፤ እናት የልጅን ግንባር እንደምትነካው። ከዚያ የቀለም ቡሩሽ አውጥተው የአየር ማስገቢያውን አቧራ ይጠርጋሉ። የሞያሌ አቧራ ቀይና ደቃቅ ነው፤ አንድ ቀን ከተዘለለ ማራገቢያው ማቃሰት ይጀምራል። ሰርቨሩን "ሽማግሌው" ነው የሚሉት። ሽማግሌው ሲቆም ወዲያው አጥፍቶ ማብራት ክልክል ነበር። "የታመመ ሰው በጥፊ አይቀሰቀስም፤ መጀመሪያ ምን እንዳለ ስማው" ይላሉ። መስማት ማለት ማሽኑ ስለ ራሱ የጻፋቸውን የመጨረሻ መስመሮች ማንበብ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ልማዳቸው ግን ሌላ ነው። አንድ ችግር ገባኝ ስላቸው በጭራሽ አያምኑኝም። በሩን በአገጫቸው ያመለክቱና "ወንበሩ ላይ ላለው ሰው አስረዳ። እሱ ከገባው ለአንተም ገብቶሃል" ይሉኛል። ወንበሩ ላይ ማንም ይኑር ማን፣ ወጥቼ ማስረዳት አለብኝ። ወተት ሻጭ፣ ፖሊስ፣ ሙሽራ፣ ማንም። በዚህ የተነሳ በገባሁ በወሩ "ምዋሊሙ" የሚል ስም አወጡልኝ። መምህር ማለት ነው። ሲጠሩኝ ግማሹ ፌዝ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ኦላ መዘግየት ጀመረ። ጠዋት የተላከ መልእክት ማታ፣ ቀጥሎም በማግስቱ መድረስ ጀመረ። አንድ ጊዜ የሠርግ ጥሪ ሙሽሮቹ ጫጉላቸውን ከጨረሱ በኋላ ደርሶ፣ አንድ አጎት ከኢሲዮሎ ሙክት ጭነው መጡ። ሙክቱን መልሰው ሊወስዱ አልቻሉም፤ ስለዚህ ሁለተኛ ድግስ ተደገሰ። ያን ቀን ስቀናል። ነገሩ ሲደጋገም ግን ሳቁ ቀረ።

ናይሮቢ ያሉት ወጣት አባላት ቁርጥ ያለ ሐሳብ አቀረቡ። ኦላ ውጭ አገር ወዳለ ነጻ አገልግሎት ይዛወር፤ ሞያሌ ያለው ክፍል ይዘጋ። ፈጣን ይሆናል፣ ልክ ናቸው። ነገር ግን ክፍሉ ከተዘጋ ሰሌዳውም አይኖርም፤ ኢሜይል የሌላቸው እናቶችና አባቶች ከኦላ ወጡ ማለት ነው። የማእከሉ ሊቀመንበር ምዜ ጋልጋሎ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ነበራቸው። ምዜ በስዋሂሊ የአዛውንት ማክበሪያ ነው። የከብት ነጋዴ ናቸው፤ ትልቅ ነገር ይወዳሉ። ሃራምቤ ጠርተን፣ ማለትም ሕዝቡ አዋጥቶ፣ አዲስ ትልቅ ሰርቨር እንግዛ አሉ። "ይሄ ሽማግሌ ጥርሱ አልቋል፤ ዕድሜን በጥርስ መለየት የእኔ ሥራ ነው" አሉ። በመጨረሻ ስምምነት ተደረሰ። በቀጣዩ ጠቅላላ ስብሰባ ወይ አዲስ ማሽን ይገዛል፣ ወይ ኦላ ከሞያሌ ይወጣል።

ማማ ታላሶ አንዱንም አልደገፉም። ከስብሰባው ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው "ምን እንዳመመው ሳናውቅ መድኃኒቱን እየመረጥን ነው" አሉኝ። ከዚያም "ስማው" አሉኝና ወደ ገበያ ሄዱ።

ሰማሁት። ሽማግሌው የጻፈውን ሁሉ ቀኑን ሙሉ ሳነብ ዋልኩ። ሁለት ነገር አገኘሁ፤ እንደተለመደው ወደ ወንበሩ ወጣሁ። የተቀመጡት ጋሽ ተፈራ ነበሩ፤ ከዲላ ቡና ጭነው ወደ ናይሮቢ የሚወርዱ ሾፌር። ሰነዳቸው ሁልጊዜ የሆነ ቦታ ስለሚያዝ ከእኛ ወንበር አይጠፉም።

"ጋሽ ተፈራ፣ ሰርቨሩ እንደ ኬላው ነው" ብዬ ጀመርኩ። አንድ መልእክት ሲገባ ለእያንዳንዱ አባል አንዳንድ መኪና ይነሳል። አድራሻው የሞተ ከሆነ፣ ማለትም ሰውየው የተወው የኢሜይል ሳጥን ከሆነ፣ ያ መኪና በር አንኳኩቶ ይመለሳል፤ ሰልፉ ውስጥ ይቆማል፤ ቆይቶ ደግሞ ሄዶ ያንኳኳል። ይሄ አንዱ ችግር ነው። ሁለተኛው ሰላምታ ነው። አንድ ሰው ወለድኩ ብሎ ሲጽፍ ሁሉም "እንኳን ደስ አለህ" ይላል፤ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለመላው ኦላ። እያንዳንዷ እንኳን ደስ አለህ ደግሞ ለሁሉም አባል ትባዛለች።

ጋሽ ተፈራ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፉት። "እንግዲያው ባዶ መኪኖች ናቸው መንገዱን የዘጉት በለኛ። አስፋልት ጨምሩ የሚሉት እኒያ ሰዎች ምን ነካቸው? ባዶውን ዞር አድርጉት።"

ለእሳቸው ገባቸው። ለእኔም ገባኝ ብዬ አሰብኩ። ማማ ታላሶም ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስልክ ቤት ሳሉ መስመር ሲጨናነቅ ሰላምታ የሚያበዛውን ሰው "ሰላምታው ይቆይ፣ ጉዳይህን ተናገር" ብለው ያቋርጡት እንደነበር አስታወሱ። ስለዚህ በሁለታችን ስምምነት አንድ ማጣሪያ ሠራሁ። ሐሳቡ የእሳቸው፣ ትእዛዙን የጻፍኩት እኔ። ከሦስት መስመር ያነሰ ምላሽ ሁሉ "ጎን ክፍል" ወዳልነው የሰርቨሩ ማስቀመጫ ይገባል፤ አይባዛም፣ አይላክም። ጊዜ ሲገኝ እናየዋለን ተባለ።

ኦላ በማግስቱ ነፋስ ሆነ። መልእክት እንደተላከ ይደርሳል። ከናይሮቢ ምስጋና መጣ፤ ምዜ ጋልጋሎ እንኳ እየከፋቸው አመሰገኑ። እኔ በማእከሉ ውስጥ በኩራት እየተንጎራደድኩ ማጣሪያ ምን እንደሆነ ላልጠየቀኝ ሰው ሁሉ አስረዳ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሞያሌ አጠገብ ኦዳ መንደር የሚኖሩ አንድ አዛውንት ዐረፉ። ልጃቸው ጃልዴሳ ህንድ አገር ይማራል፤ ለቀብሩ መድረስ አልቻለም። አባቱ ማረፋቸውን ለኦላ የጻፈው እሱ ራሱ ነው። መልእክቱን አትመን ለጠፍነው፤ ሰው ቆሞ አነበበው፤ ብዙ ሰው ገብቶ መልስ አስተየበ። እኔም ከተየቡት አንዱ ነበርኩ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እናቱ ማማ ጃልዴሳ ከአንዲት ጎረቤታቸው ጋር ወደ ማእከሉ መጡ። ሰሌዳውን ማንበብ አይችሉም፤ ቀጥታ ወደ እኔ መጥተው ተቀመጡ። ሰው ለልጃቸው የጻፈለትን ማጽናኛ እንዳነብላቸው ነበር የፈለጉት። በስልክ ሲያናግሩት ድምፁ ልክ አልነበረም አሉ።

የኦላን ማኅደር ከፈትኩ። የጃልዴሳ መልእክት አለ። ከሥሩ ምንም የለም። ወደ ታች ወረድኩ፤ ወደ ላይ ተመለስኩ፤ ራሴ የተየብኳቸው እንኳ የሉም።

"አንብብልኝ እንጂ" አሉኝ።

"እስካሁን… የመጣ የለም፣ እናቴ።"

ማማ ጃልዴሳ ስክሪኑን እንደ ሰው ፊት ለፊት አዩት። ቀስ ብለው "ልጄ የማን ሠርግ ዝም ብሎ አለፈ? የማን ለቅሶ ዝም ብሎ አለፈ? ምን አድርጎ ነው ከተማው የዘጋው?" አሉ።

ማማ ታላሶ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ከእኔ ቀድመው ገባቸው። "ቢኒ፣ ጎን ክፍሉን ክፈት" አሉ። ቢንያም ነው ስሜ፤ ምዋሊሙ ሳይሉ ሲጠሩኝ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

ከፈትኩት። ሁሉም እዚያ ነበር። "ፖሌ ሳና ጃልዴሳ።" "ፖሌ ወንድሜ፣ ረቢ ያጽናህ።" "ፖሌ። አባትህ ለእኔም አባት ነበሩ።" ገጽ ከገጽ፣ ሰው ከሰው። ረቢ ፈጣሪ፣ ሳና በጣም ማለት ነው፤ ፖሌ ደግሞ በስዋሂሊ ለሐዘንም ለድካምም የሚባል ቃል ነው፤ የእኛ አገር ሰው ለቅሶ ላይ ብዙ አያወራም፤ ፖሌ ብሎ ይቀመጣል። መቀመጡ ነው ንግግሩ። የእኔ ማጣሪያ ደግሞ አጭር የሆነውን ሁሉ ባዶ መኪና ብሎ ወደ ጎን አቁሞታል። ራሴ የተየብኩላቸው ሽማግሌዎች መልስ ሳይቀር እዚያ ተኝቷል።

ክፍሉን ከፍቼ ሁሉንም ልለቃቸው እጄን ዘረጋሁ። ማማ ታላሶ እጄን ያዙት። ልክ ነበሩ። ያን ሁሉ ፖሌ በአንድ ጊዜ ብለቀው እያንዳንዱ ለሁሉም ይባዛል፤ ሽማግሌው ለቀናት ይታፈናል፤ ልጁ ጋ የሚደርሰው ደግሞ መቼ እንደሆነ አይታወቅም። "ልጁ ዛሬ ነው የሚፈልገው" አሉ። "ሁሉንም አንድ ደብዳቤ አድርገው። የማንም ስም እንዳይቀር።"

ሁሉንም ከላይ እስከ ታች በአንድ መልእክት ገጣጠምኩ፤ ከእያንዳንዱ ፖሌ ሥር የተናጋሪው ስም። ለጃልዴሳ በቀጥታ፣ ለኦላም አንድ ጊዜ ብቻ ላክሁት። ሌላ ቅጂ አተምን። ምዜ ጋልጋሎ ነገሩን ሲሰሙ የፍየል ጠረን ያለባትን ፒክአፕ ይዘው መጡ፤ ማማ ጃልዴሳ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ተጭነን ወደ ኦዳ ሄድን።

ኦዳ ላይ ለቀስተኛው ሸራ ሥር ተቀምጧል። ማማ ታላሶ መሐል ገብተው ቆሙና መጀመሪያ ስለ ማጣሪያው ተናገሩ። እኔ ነኝ ያዘዝኩት፣ ያስቀረነው እኛ ነን፣ ሰው አልቀረም አሉ። ከዚያ ማንበብ ጀመሩ። አንድ ፖሌ ያነባሉ፣ የላከውን ሰው ስም ይጠራሉ። በማዞሪያው ዘመን ብዙዎቹን በድምፃቸው ያውቋቸው ስለነበር ሳያስቡት የእያንዳንዱን አነጋገር ይዘው ነበር የሚያነቡት። የአንዱን ተንተባታቢ አጎት ሲያነቡ ሐዘንተኛዋ ማማ ጃልዴሳ ሻሻቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። እየሳቁ ነበር።

ጥቂት እንዳነበቡ አንድ ሽማግሌ አቋረጧቸው። "ታላሶ፣ ፖሌው አንድ ነው፤ ስማቸውን ብቻ ጥሪ። እኛ ባንድ ላይ እንመልሳለን።" እንደዚያ ሆነ። እሳቸው ስም ይጠራሉ፤ ሸራው ሥር ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ "አሚን" ይላል። በእኛ አገር ምርቃትም እንደዚሁ ነው። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ተራ አይጠብቅም፤ ሁሉም ባንድ ላይ ይመልሳል። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ነገር ነው። ያን ቀን ግን እንደ አዲስ ሰማሁት።

ስንመለስ ፒክአፑ ላይ ማማ ታላሶ ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩ። በኋላ በነፋሱ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ምዋሊሙ! ሰዉ ባንድ ላይ ነው የሚመልሰው። እኛ ነን አንድ በአንድ ያሰለፍነው" አሉኝ።

ይህን የሚሠራ ነገር ሶፍትዌሩ ውስጥ እንዳለ አውቅ ነበር። መልእክቶችን አጠራቅሞ በቀን አንዴ በአንድ ጥቅል የሚልክ አሠራር ነው፤ ብዙ ማንበብ ለሚሰለቻቸው አባላት የተሠራ ነበር። እሱን ለሰላምታ፣ ለምርቃትና ለፖሌ ብቻ ብናውለውስ? ዜናው ወዲያው ይሂድ፤ ምላሹ ቀን ሙሉ ይሰብሰብና ምሽት ላይ በአንድ ላይ ይውጣ። ስም አይቀርም፤ መኪናው ግን አንድ ነው።

በማግስቱ ጠዋት የጃልዴሳ መልስ ደረሰ። ማማ ታላሶ ሰሌዳው ላይ ከሁሉ በላይ ለጠፉት። እንዲህ ይላል፦ "ደርሶኛል። ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ አነበብኩት። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ምን እያደረግህ ነው አለኝ። ለቅሶ ቤት ነኝ፣ ሰው እየገባ ነው አልኩት።"

ከስብሰባው በፊት የቀረን ሥራ የሞቱት አድራሻዎች ነበሩ። እኔ በአንድ ትእዛዝ ልሰርዛቸው አስቤ ነበር። ማማ ታላሶ እንቢ አሉ፤ ከእንግዲህ ማንንም በማሽን ከኦላ አላስወጣም አሉኝ። በምትኩ የሰዎቹን ስም በትልቁ አትመን ሰሌዳው ላይ ለጠፍን፤ "እነዚህን የት እንዳሉ የሚያውቅ ይንገረን" ብለን።

ማንያታ ውስጥ እንደዚያ ሳምንት ያለ ጨዋታ አላየሁም። ሰሌዳው ሥር እንደ ገበያ ሰው ተሰበሰበ። እገሌ ሞምባሳ ነው፣ የለም አግብቶ ኪሱሙ ገብቷል፣ ማግባቱን ማን ነገረህ፣ ሠርጉ ላይ ራሴ በልቻለሁ። አንዲት የሱቅ ባለቤት አንዱን ስም በጣቷ እየነካች፣ "ይሄንንማ አግኙልኝ፤ ከኢሜይሉ በፊት እኔ ነኝ የምፈልገው" አለች። አዲስ አድራሻ መጣ፣ ስልክ ቁጥር መጣ፣ የሁለት የድሮ ጓደኛሞች እርቅ ሳይቀር መጣ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጂርሞ ነው። ጂርሞ የማታቱ፣ ማለትም የሚኒባስ ታክሲ፣ ረዳት ሆኖ ጀምሮ አሁን የራሱን ሎሪ የሚነዳ የሰፈራችን ሰው ነው። በየቀኑ መጥቶ ሰሌዳውን ያነባል፤ ስለ ሰርቨሩ መዘግየት ደግሞ ከእሱ በላይ የጮኸ የለም። ያን ቀን ክንዱን አጣጥፎ ስሞቹን ከላይ ወደ ታች ሲያነብ መሐል ላይ ቆመ። ጋሽ ተፈራ ከወንበሩ ሆነው አንገታቸውን አስረዝመው አዩ።

"ጂርሞ፣ ይሄ የአንተ ስም አይደለም እንዴ?"

የእሱ ስም ነው። ናይሮቢ ሲማር የከፈተውን የኢሜይል ሳጥን ትቶት አገሩ ከገባ ዓመታት አልፈዋል፤ ሽማግሌው ግን በየቀኑ፣ በየመልእክቱ፣ እዚያ ባዶ ቤት እየሄደ ሲያንኳኳለት ኖሯል። ባለቤቱ ደግሞ እዚህ ሰሌዳው ሥር ቆሞ ኢሜይሉ ለምን እንደሚዘገይ ይጠይቃል።

"ወረቀት የጎደለው መኪና አንተ ነሃ!" አሉት ጋሽ ተፈራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጂርሞ ስም "ኬላ" ሆኖ ቀረ። የሎሪው ግንባር ላይም ራሱ አጻፈው።

የስብሰባው ዕለት ደረሰ። ናይሮቢ ያሉት አባላት ሁለት ወኪል ልከዋል፤ ሁለቱም መንገዱ ላይ አቧራ ጠጥተው ቀይ ሆነው ነው የገቡት። ማማ ታላሶ ንግግር አላደረጉም። ወደ በሩ በአገጫቸው አመለከቱኝ፤ ወንበሩን ወደ ውስጥ አስገብተው ወኪሎቹን አስቀመጡበት። "አስረዳቸው" አሉኝ።

አስረዳኋቸው። ኬላውን፣ ባዶ መኪናውን፣ ባዶ ቤት ማንኳኳቱን፣ የኦዳውን አሚን። ማጣሪያው ያመጣውንም አልዘለልኩም። ስጨርስ አንደኛው ወኪል ላፕቶፑን ከፍቶ ለኦላ አንድ መልእክት ላከ፤ ያኛው የራሱን ከፍቶ ጠበቀ። ውጪ ያሉት ፍየሎች ብቻ ይሰማሉ። ያኛው ወኪል ስክሪኑ ላይ ጎንበስ አለ፤ ቀና ሲል ፈገግ ብሎ ነበር። ደርሷል።

ሁሉም ወደ ምዜ ጋልጋሎ ዞረ። ትልቁን ማሽን የሚፈልጉት እሳቸው ናቸውና። ምዜ ጋልጋሎ ተነሥተው ወደ ኋላ ክፍል ገቡ፤ እንደ ማማ ታላሶ መዳፋቸውን ሽማግሌው ላይ አሳረፉ፤ ተመልሰው መጡ።

"እኔ የከብት ነጋዴ ነኝ" አሉ። "ይሄን ያህል ዘመን ስሸጥ የታመመችና የተጫነች አምታትቼ አላውቅም ነበር። ይሄ አልታመመም። ጭነቱን አውርዳችሁለታል።" ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፦ "ቢሆንም ሃራምቤው ይቀጥላል። እኔ አንድ ትልቅ ነገር ሳልገዛ ከዚህ አልወጣም።"

ተሳቀ፤ ተጨበጨበ። ሽማግሌው እንዲቀጥል፣ ኦላም ሞያሌ እንዲቆይ ተወሰነ። ምዜ ጋልጋሎ በሃራምቤው ሰሌዳውና ወንበሩ ላይ ጣሪያ አሠሩ። ትልቅ ነው፤ ሎሪ ያስገባል። ዝናብ ሲጥል ግማሹ ማንያታ እዚያ ሥር ይጠለላል።

ከዚያ በኋላም ብዙ ሠራሁ። ባትሪ ቀየርኩ፣ ዲሽ አስተካከልኩ፣ ከፍየሎች ጋር ተጣላሁ። አንድ ቀን ወንበሩ ላይ ላለች የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ስለ ማሽኑ መሞቅ ሳስረዳ፣ ሴትየዋ ስለ ማሽኑ ትታ መምህር መሆን እፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ማማ ታላሶ ከውስጥ ሆነው በእኔ ፈንታ መለሱላት። "ሆኗል፤ ወረቀቱ ነው የጎደለው።" ወረቀቱን ላመጣ ኮሌጅ ገባሁ፤ ከዚያም ማርሳቢት ተመደብኩ።

ማርሳቢት በገባሁ በማግስቱ አንድ ሳይበር፣ ማለትም ኢንተርኔት ቤት፣ ውስጥ ተቀምጬ ለኦላ የስንብት መልእክት ጻፍኩ። ሥራ መቀየሬን፣ ማመስገኔን፣ መናፈቄን። ላክሁትና ጠበቅሁ።

ምንም አልመጣም። ከሰዓት በኋላም ምንም። ለምን ባዶ እንደሆነ በዓለም ላይ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ አሠራሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰላምታው እየተሰበሰበ ነው፣ ምሽት ላይ ይወጣል። ይህን ለራሴ ደጋግሜ አስረዳሁት። ሆዴ ግን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ግትር ሰው እንቢ አለ። ጃልዴሳ ያን ጊዜ ምን እንደተሰማው ያወቅሁት ያኔ ነው። የሳይበሩ ልጅ ልንዘጋ ነው ሲለኝ ትንሽ ታገሰኝ አልኩት።

መጣ። አንድ መልእክት ነበር፤ ረጅም። ከላይ ጀመርኩ። ጂርሞ "ኬላው ክፍት ነው፣ ሂድ" ይላል። ጋሽ ተፈራ በሰው አስተይበው መንገዱ ላይ እንደሚጠይቁኝ ይነግሩኛል። ማማ ጃልዴሳ መርቀውኛል። ምዜ ጋልጋሎ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቀዋል። ስም ከስም እየወረድኩ ታች ደረስኩ። ለኦላ በራሳቸው እጅ ጽፈው የማያውቁት ሰው የመጨረሻውን መስመር ጽፈዋል።

"ምዋሊሙ፣ ሽማግሌው ዛሬ ጠዋት ቀዝቃዛ ነበር። ከኋላ ለተቀመጡትም አስረዳ። ታላሶ።"

የሳይበሩ ልጅ በትከሻዬ በኩል እያየ ይህ ሁሉ ሰው ምን ሆኖ ነው አንድ ላይ የጻፈልህ አለኝ። አጠገቤ ያለውን ወንበር ሳብኩለትና ተቀመጥ አልኩት።